ከሥሩ እና አምስቱ ነጭ ሸሚዞች

በየቤተሰቡ እንዲህ ዓይነት አንድ ሰው አይጠፋም፤ ውሃ አምጪ ሲሏት ለምን እንደሆነ የምትጠይቅ። ለመጠጥ ነው? ለእጅ ነው? ለአበባ ነው? ለአበባ ከሆነ አበባው ከተቆረጠ ስንት ቀኑ ነው? ነገሩ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሰነፍ ሰው ጥያቄ አያበዛም፤ «እሺ» ብሎ ይሰወራል። ይህችኛዋ ግን ውሃውን ታመጣለች። በትክክለኛው ዕቃ፣ በትክክለኛው ልክ ታመጣለች፤ ጠያቂው ጥሙን ረስቶ ከቤት ከወጣ በኋላ።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የእነዚህ ሰዎች ሁሉ የበላይ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅጽል ስሟን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ተረት ሊያወራላት ቁጭ ብሎ «አንድ ንጉሥ ነበረ» ሲል፣ «ቆይ፣ ከሥሩ ንገረኝ» አለችው፤ «ንጉሥ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር?» ወንድምየው የንጉሡን የልጅነት ዘመን፣ የአባቱን ጸባይና የፈረሱን ስም ሲፈበርክ ምሳ ደረሰ፤ ንጉሡም ሳይነግሥ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥሩ ተባለች። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ኮሜዲ ነው፤ ኮሜዲው ግን እስካሁን ይህን በደንብ አልሰማም።

ወንድምየው የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነው። ሁለቱ የሚኖሩት ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነው፤ በዚህ ላይ ሊቀለድ የሚችለውን ሁሉ ጎረቤት ስለጨረሰው እኛ አንነካውም። ሊፍት ጠጋኝ ነገርን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ገመዱ ሲያቃስት፣ በሩ ሲያመነታ ይሰማዋል። የሚወደውም መድረሻው የታወቀ ነገር ነው። ሦስት ቁጥርን የተጫነ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይወርዳል። እህቱ ግን የትኛውን ቁጥር ቢጫኑ የት እንደምትቆም አይታወቅም። እናታቸው ከሩቅ ከተማ በየእሑዱ እየደወለች «እህትህ ሥራ ያዘች ወይ?» ስትል፣ ላብ የሚያጠምቀው እሱን ነው።

የመጀመሪያ ሚናዋ ሰልፍ ነበር። በአንዲት ትንሽ አዳራሽ በሚታይ አጭር ኮሜዲ ላይ ዘጠኝ ሰዎች አንድ መስኮት ፊት ይሰለፋሉ፤ ከሥሩ ሰባተኛዋ ነበረች። የምትናገረው ቃል የለም። የሚጠበቅባት ሰባተኛ ሆኖ መቆም ብቻ ነው። በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን እጇን አወጣች።

«ይቅርታ፣ ሰልፉ የምንድነው?»

ጽሑፉን የጻፈው ሰው አሰበ፤ ለካ እሱም ጠይቆ አያውቅም። «ሰልፍ ነዋ! ሰልፍ አታውቂም?» አላት።

በዚህ መልስ የሚረካ ሰው ከሥሩ አይባልም። ለብቻዋ ወሰነች። ሰባተኛዋ ሴትዮ የመጣችው በስህተት ለሌላ ሰው የተሰጠ መነጽሯን ልታስመልስ ነው። ስለዚህ አታይም። ስለዚህ ከፊቷ የቆመው ስድስተኛው ነገር ሰው ይሁን ምሰሶ እርግጠኛ አይደለችም። በመክፈቻው ቀን ዋናው ተዋናይ መስኮቱ ፊት ቆሞ ረጅሙን ንግግሩን ሲያሰማ፣ ተመልካቹ ስድስተኛውን ሰው በጣቷ ጫፍ ቀስ ብላ የምትነካካውን ሰባተኛዋን እያየ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ዋናው ተዋናይ «ወይ እኔ ወይ ሰባተኛዋ!» አለ። የዚያ ቲያትር አዘጋጅ ሰላም ወዳድ ነበርና፣ የተከበሩት ሰባተኛዋ ሰልፈኛ ከነገ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንዲቆሙ ፈረደ።

በማግስቱ በጀርባዋ አሳቀች።

ቀጥሎ የሬዲዮ ድራማ መጣ፤ ሚናዋ ማስነጠስ። ቁም ሳጥን ውስጥ የተደበቀች ሴት አንዴ ታስነጥሳለች፣ ትያዛለች፣ አለቀ። «የጉንፋን ነው የአቧራ?» ብላ ጠየቀች። ሰዎቹ ተያዩ። ልዩነቱ ግን እውነት ነው፤ እናንተም አስተውላችሁ ስሙት። የጉንፋን ማስነጠስ ከደረት ይነሳል፣ ከመምጣቱ በፊትም ያስጠነቅቃል። የአቧራው ከአፍንጫ ጫፍ በድንገት ይፈነዳል። የተደበቀ ሰው ደግሞ ወደ ውስጥ ነው የሚያስነጥሰው፤ ድምፁ ሲዋጥ የሚሰማው ነገር ከማስነጠስ ይልቅ በስንጥቅ ጎማ የሚወጣ አየር ይመስላል። አንድ ሳምንት ሙሉ አሥራ አንድ ዓይነት ማስነጠስ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ከታች ያሉት ጎረቤት ሎሚ ላኩ። ስቱዲዮ ሄዳ አራተኛውን ስታሰማ የድምፅ ባለሙያው «ይበቃል፣ ይበቃል፣ ይኸው ነው» አለ። ሰባቱን ሳይሰማቸው በመቅረቱ እስካሁን ታዝንለታለች። በዚያው ወር ወንድሟ እውነተኛ ጉንፋን ያዘውና ሲያስነጥስ፣ ራሷን ነቀነቀች።

«አያሳምንም» አለችው። «መጨረሻውን ታቻኩለዋለህ።»

ከዚያም ከራስ እስከ እግሯ በፋሻ የተጠቀለለች በሽተኛ ሆነች። ዓይኗ ብቻ ነበር የሚታየው። ለዚህች ዓይን ሦስት ቀን አልጋ ላይ ተጋድማ፣ ወንድሟን ሻይ እያመላለሰች ተዘጋጀች። «ለሚናው ነው፣ ወንድምዓለም» ስትለው፣ «ሚናሽ ሻዩን በስኳር ነው ያለ ስኳር የሚጠጣው?» ብሎ ጠየቃት። በቁጣ ነበር ያለው፤ እሷ ግን ጥያቄውን ወደደችውና ግማሽ ቀን አሰበችበት።

ሦስት ዓመት በዚህ ሁኔታ አለፈ። ወንድምየው በመጨረሻ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠና ነገሩን እንደ ሊፍት መረመረው፤ ሞተሩ ይሠራል፣ መብራቱ አለ፣ ግን ንቅንቅ አይልም። አንድ የመድን ድርጅት ሊፍት ሲጠግን የተዋወቃቸውን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ደጅ ጠናና ለእህቱ አንድ ቦታ ለመነላት። ኃላፊው ደግ ሰው ነበሩ፤ እሺ አሉ። ወንድምና እህት ከዚያ በኋላ ተማማሉ። ወሩ እስኪያልቅ ድረስ የሚናገር ሰው ሚና ካገኘችና ከያዘችው፣ ወንድምየው ሁለተኛ ስለ ሥራ አያነሳም። ካላገኘች፣ ወሩ ባለቀ ማግስት ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ትገባለች፤ ኮሜዲ የሚባል ነገርም ያኔ ያበቃል።

«ያበቃል ማለት ምን ማለት ነው?» አለችው። «በእረፍት ቀንም?»

«ከሥሩ፣ አንዳንድ ቃል ሥር የለውም። ያበቃል ማለት ያበቃል ማለት ነው።»

ዝም አለች። ዝም ማለቷ ከጥያቄዋ ሁሉ ይበልጥ ከበደው።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስልክ ተደወለ። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የአጫጭር ኮሜዲ ፕሮግራም ነው፤ ከቋሚ ተዋናዮቹ አንዷ ልትወልድ ስለሆነ ምትክ ይፈልጋሉ። የሙከራ ቀረጻው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ከተሳካ ቋሚ ሥራ፣ ካልተሳካ እግዜር ይስጥልን።

እዚህ ላይ አጭር ኮሜዲ ምን እንደሆነ ማስረዳት ደስ ይለኛል፤ ሰው ቀላል ነገር ይመስለዋልና። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንድ የማናውቀው ሰው ይመጣል፤ አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ አንድ ነገር ይከለክለዋል፤ ከዚያ ነገሩ ያልጠበቅነው ጎኑ ላይ ይገለበጣል። በረጅም ድራማ ውስጥ ተዋናይ አንድ ክፍል ሙሉ ቢሳሳት በሚቀጥለው ይካሳል። በሦስት ደቂቃ ግን መካሻ የለም፤ ሰዉ ወይ ይስቃል ወይ ሻይ ሊያፈላ ይነሳል።

ለከሥሩ የተሰጣት ጽሑፍ እንዲህ ነበር። አንዲት የላውንደሪ ተኳሽ የደንበኛ ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ እጮኛዋ ይደውልና በስልክ ይተዋታል። በድንጋጤ ካውያውን ሸሚዙ ላይ ትረሳዋለች። ይጨሳል። ደንበኛው ይገባል፤ ሸሚዙን ታነሳለች፤ በካውያ ቅርጽ በተቃጠለው ቀዳዳ በኩል ይተያያሉ። መጨረሻ።

«ተኩሼ አላውቅም እኮ» አለች ከሥሩ ወረቀቱን ይዛ።

«በየሳምንቱ ትተኩሺ የለ እንዴ!» አለ ወንድሟ።

«ያ ጨርቅ መዳመጥ ነው። እሷ ባለሙያ ናት።»

ላውንደሪው ከቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ካውያ የያዙ፣ ሁሉም ሰው እትዬ የሚላቸው ሴት አሉ። ቀጭን ናቸው፤ ክንዳቸው ግን የተጠመዘዘ ገመድ ይመስላል። ከሥሩ ቀርባ ጉዳይዋን አስረዳች።

«ለስንት ጊዜ ነው መማሩ?» አሏት።

«ቴሌቪዥን ላይ ሦስት ደቂቃ ነው የምተኩሰው፣ እትዬ።»

«በሦስት ደቂቃ እኔ አንድ ሸሚዝ እጨርሳለሁ። አንቺን ሦስት ወር ያስፈልግሻል።»

«ያለኝ አሥራ ሁለት ቀን ነው።»

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ ነይ። ቀለበት አውልቂ።»

ሦስት ቀን ካውያ አላስነኳትም። ዓይኗን ጨፍና ጨርቅ ስትዳስስ ዋለች። በአራተኛው ቀን ትምህርቱ ተጀመረ፤ እኔም ስሰማው የገረመኝን ለእናንተም ልንገራችሁ። ሸሚዝ እንደፈለጉ አይተኮስም። መጀመሪያ ኮሌታው ነው፤ እሱም ከጫፎቹ ወደ መሃል ነው እንጂ ከመሃል ወደ ጫፍ አይደለም፤ አለበለዚያ ጭምድዱ ተገፍቶ ሄዶ ሰው የሚያየው ቦታ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ትከሻው፣ ከዚያ የእጅጌ ጫፍ፣ ከዚያ እጅጌ፣ ከዚያ ፊቱ፣ በመጨረሻ ጀርባው። ትንንሹ የሚቀድመው ሰፊው ቀድሞ ከተተኮሰ ትንንሹ ሲገላበጥ እንደገና ስለሚጨማደድ ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሐሳብ በየቀኑ ለብሰን እንሄዳለን፤ አንድም ቀን አመስግነን አናውቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበር። «ካውያ የሚተኛው ሲሄድ ብቻ ነው» ይሉ ነበር እትዬ። «መሄዱን ካቆመ ይቁም።» ማለትም እጅ ለአንድ አፍታ እንኳ ከሥራው ከተለየ፣ ካውያው ተረከዙ ላይ ይቆማል። ከሥሩ ይህን በረሳች ቁጥር እርጥብ ፎጣ ጣቶቿ ላይ ጧ ይላል። በስድስተኛው ቀን መርሳት አቆመች። በዘጠነኛው ቀን እትዬ ከኋላዋ ሆነው ድንገት ቢጮሁባት፣ ሰውነቷ ዘለለ፤ እጇ ግን ካውያውን በእርጋታ አቁሞ ነው የዘለለው።

ወንድምየው ከሥራ ሲመለስ ሊወስዳት ጎራ ይል ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እህትህን ለቴሌቪዥን ከምትሰጣት ለእኔ ብትተዋት ምን አለበት?» አሉት እትዬ። «እጅ አላት።»

«ራሷ ናት የምትወስነው፣ እትዬ።»

«ታላቅ አይደለህ እንዴ? አትመክራትም?»

«እየመከርኳት ነው። ከሥሩ ንገረኝ ስላለችኝ ገና የልጅነታችን ዘመን ላይ ነን።»

ቤት ውስጥ ያልተተኮሰ ጨርቅ ጠፋ። የሥራ ቱታውን ሳይቀር እንደ ምላጭ መስመር አውጥታ ተኮሰችለት። በማግስቱ ቅባት በጠጣ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ፣ የሥራ ጓደኛው ከላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «ምነው፣ ሊፍቷን ልታጫት ነው እንዴ?» አለው።

ማታ ማታ ደግሞ የእጮኛውን ቃል የሚያነብላት እሱ ነው። «ይቅርታ፣ አብረን አንሆንም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ይላል ወረቀቱን ወደ መብራት አዙሮ። ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተዋት። ወደ ሃያ ስምንተኛው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መተው ጀመረ።

ሐሙስ ደረሰ። ስቱዲዮው ሰፊ ክፍል ነው፤ በአንድ ጥግ ላውንደሪ ተሠርቷል፤ መደርደሪያ፣ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ የቆየ ስልክ። የአልባሳት ኃላፊዋ አምስት አንድ ዓይነት ነጭ ሸሚዞች ጠቅልላ አምጥታለች፤ ለአምስት ሙከራ፣ ለአምስት ቃጠሎ። አንድ ሰው የእሳት ማጥፊያ አቅፎ ቆሟል። አዘጋጁ ፈጣን፣ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው፤ ክፍሉን በአሥር ሰዓት ለሌላ ፕሮግራም ያስረክባል። ወንድምየው የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዶ ኋላ፣ የመብራት ሽቦዎች መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«እንጀምር! ቀረጻ!»

ስልኩ ጮኸ። ከሥሩ በግራ እጇ አነሳችው። ቀኝ እጇ ካውያውን አቆመው።

«ቁረጥ! እህቴ፣ ካውያውን ሸሚዙ ላይ ተዪው እሺ?»

«እሺ፣ ይቅርታ።»

ስልኩ ጮኸ፤ አነሳችው፤ ካውያው ቆመ።

«ቁረጥ! ሸሚዙ ላይ!»

በሦስተኛው፣ በዓይኗ እያየችው ካውያውን አስተኛችው። አንድ፣ ሁለት... በሦስት፣ እጇ ራሱን ችሎ ሾልኮ ሄዶ አቆመው። በአራተኛው ቀኝ እጇን ከኋላዋ ደበቀችው፤ ግራ እጇ ስልኩን ጥሎ መጣ። ሰው ጽሑፍ ያነባል፣ እጅ ግን አያነብም። ነገሩን የባሰ ያደረገው፣ አዘጋጁ ከካሜራ ባለሙያው ጋር በተማከረ ቁጥር ከሥሩ ሳታስበው ሸሚዙን ጨርሳ ተኩሳ መስቀሏ ነው። በሕይወታቸው እንደዚያ አምሮባቸው የማያውቁ አራት ሸሚዞች ተደርድረው ተሰቀሉ። የእሳት ማጥፊያ ያቀፈው ሰው ክንዱ ዝሎ ዕቃውን መሬት አስቀመጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። «ሌላ ልጅ ነበረች አይደል፣ ሁለተኛ ያየናት?» አለ አዘጋጁ ለረዳቱ፤ ድምፁን ዝቅ አላደረገም። «ስልኳ አለ?»

አሁን ወደ በርጩማው እንመለስ። ወንድምየው በዚህ ሰዓት መረጋጋት ነበረበት። ሰኞ ተረጋግጧል። መዝገብ ቤቱ አለ፤ እሑድ እናቱ ስትደውል የሚሰጣት መልስ አለው። የለመነው ሁሉ በዓይኑ ፊት እየተፈጸመለት ነው። እሱ ግን ገመዱ እንደተበጠሰ ሊፍት ወደ ታች ይወርዳል። እጁን እርስ በርስ ጨምቆ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ «አቃጥይው፣ እህትዓለም፣ በናትሽ አቃጥይው» ይላል።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች ከሥሩ። «ግን አላቃጥለውም።»

አዘጋጁ ዞረ። «ጽሑፉ አቃጥይ ነው የሚለው።»

«ጽሑፉን የጻፈው ሰው ሸሚዝ ተኩሶ የሚያውቅ አይመስለኝም።»

የአልባሳት ኃላፊዋ ወደ ጣሪያው ተመለከተች። ረዳቱ አንዴ ሳለና፣ በአገጩ ወደ አዘጋጁ አመልክቶ፣ «እሳቸው ናቸው የጻፉት» አላት።

ከሥሩ ቀላች፤ ግን አልቆመችም። «እትዬን ጠይቄያቸው ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሸሚዝ አላቃጠሉም። ባለቤትዎ ጥሎዎት የሄደ ቀንስ አልኳቸው። ያን ቀን አርባ ሸሚዝ ተኮስኩ፣ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም አሉኝ። ስለዚህ ይህቺ ሴትዮ ዓለሟ ይቃጠል እንጂ ሸሚዙ አይቃጠልም። እየተዋት እሷ ሸሚዙን ትጨርሳለች፤ በቃ።»

አዘጋጁ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ የተሰቀሉትን አራት ሸሚዞች አየ። «ሦስት ደቂቃ» አለ። «ካልሳቅኩ ወደየቤታችን።»

«የእጮኛዬን ቃል ግን ወንድሜ ያንብበው። እሳቸው» አለች ወደ ረዳቱ እያመለከተች፣ «እንደ አውቶቡስ ማስታወቂያ ነው የሚያነቡት። ወንድሜ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ትቶኛል፣ ለምዶታል።»

ወንድምየው ሽቦ እየተሻገረ መጣ። ወረቀት ሰጡት፤ አላስፈለገውም። ከካሜራው ጀርባ አቆሙት። አምስተኛው ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

ስልኩ ጮኸ። ካውያው ቆመ፤ አነሳችው፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሰካችውና ኮሌታውን ከጫፍ ጀመረች።

«ሄሎ፣ የኔ ውድ! ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለ ወንድሟ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አብረን አንሆንም።»

ፊቷ ፈረሰ። በቃ፣ እንደ ግንብ ነው የፈረሰው። እጇ ግን ከኮሌታው ወደ ትከሻው አለፈ፣ ጨርቁን ሳብ አደረገ፣ ውሃ ረጨ።

«ሌላ አለች?» አለች እያለቀሰች፤ የእጅጌውን ጫፍ አገላበጠች። «ከእኔ ምን ይሻላታል? ትተኩሳለች?»

የካሜራ ባለሙያው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባዋ ሊወርድ ሲል ሸሚዙ እንዳይነካ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች፤ እንባው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተንጠባጠበ፤ ደግሞ ያንን በጨርቅ ጠረገችው። ወንድምየው ይህን እያየ የሚቀጥለውን ቃል ረሳ።

«አትቸኩልብኝ» አለች ከሥሩ ስልኩን በትከሻዋ አስተካክላ። «እጅጌው ላይ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ እሳት ማጥፊያ ጠባቂው ነበር።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለ ወንድምየው እንደምንም።

«አውቃለሁ የእኔ እንዳልሆነ!» የሸሚዙን ጀርባ በአንድ ረጅም ግፊት ጨረሰችው። ካውያው ቆመ። ሸሚዙን አነሳች፣ ማንጠልጠያ ላይ አደረገች፣ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈች፤ ሰው እንደሚያለብሱ ኮሌታውን ዳበስ አደረገችው። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች፤ ድምጿ ደንበኛ የምታስተናግድ ሴት ድምፅ ሆነ።

«ሸሚዝህ ደርሷል» አለችው። «መጥተህ ውሰድ።»

የእጮኛዋ ሸሚዝ ነበር። ይህን ማንም አላወቀም ነበር፤ ጽሑፉ ላይም የለም፤ እሷም ራሷ ኮሌታውን ስትዳብስ ነው ያወቀችው። ቀረጻው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ሠላሳ ስምንት ጊዜ ጨክኖ የተዋት ያ ሰው፣ ከካሜራው ጀርባ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣

«አሁን ልምጣ?» አለ።

«ቁረጥ» የሚል ሰው ጠፋ። «ቁረጥ» ማለት የነበረበት ሰው ወንበሩ ላይ ተደፍቶ በእጁ ጉልበቱን ይመታ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ፣ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ወንድሟን አየና፣ «ሰኞ ሦስት ሰዓት፣ እዚህ» አላት። «የመጨረሻዋን ቃል ሰውዬው እንዳለው እንተዋታለን። ሰኞ ግን አንቺን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ከሥሩ «ሰኞ ምንድነው የምሠራው? ማን ነኝ? ከየት ነው የመጣሁት?» ማለት ስትጀምር፣ ወንድምየው ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ሌላም ሰው ይጠብቃታል። ስልኩን አውጥቶ ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ደወለላቸው።

«ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ። እህቴ ሰኞ አትመጣም። እኔ ነኝ ያስቸገርኩዎት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ ልጄ። ሥራ አገኘች?»

«አገኘች።»

«እሰይ! ምን ሥራ?»

ወንድምየው ትንሽ አሰበ። «ሸሚዝ ትተኩሳለች።»

«ሸሚዝ?»

«አዎ፣ ጋሼ። እጮኛዋ በስልክ እየተዋት።»

«አይ ይቺ ልጅ» አሉ ኃላፊው፤ በእውነት አዘኑ። «ታዲያ ይህን ጊዜ እኮ ነው ቁጭ የምትልበት የሚያስፈልጋት። እኛ ጋ ወንበር አለ፣ መስኮት አለ፣ ሰው አለ። ንገራት እስቲ፣ እንደገና ታስብበት።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ጥሩ ቦታ ነው። ለምኜዎት የለ?» አለ ወንድምየው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ በክፍተቱ ውስጥ እህቱ አዘጋጁን ጥግ አስይዛ በሁለት እጇ አንድ ነገር ታስረዳዋለች፤ አዘጋጁም ሰዓቱን ማየት ትቶ ይሰማታል። «ግን ስትተኩስ አላዩዋትም።»